ጭረቷን ተዋት

ከዶሮ ማነቂያ ዝቅ ብሎ፣ ከፎቅ ደረጃ ሥር፣
ሁለት ሜትር በአንድ ተኩል፣ በርጩማና አሮጌ ኮምፒውተር።
በሩ ላይ በጠመኔ፦ «ሲዲ እናቃጥላለን»።
(እኔ ብቻዬን ነኝ። «እኛ» ማለት ደንበኛ ይስባል ቢሉን።)

እሳት ግን የለም። ከሳጥኑ ሆድ፣ እንደ ትንኝ ዓይን የቀላ
አንድ ነጥብ ብርሃን አለ፣ ባዶውን ክብ የሚበላ።
ፕሮግራሙን አልገዛሁም፣ ከማንም ጓደኛ አልሰረቅኩም፣
ከማሽኑ ጋር የመጣ ነው፤ ሳንቲም አልከፈልኩበትም።
ሰው ይሄን አያምንም። «ነጻ» ሲሉት ይሸሻል፤
«ነጻማ ከሆነ አንድ ነገር ጎድሎታል» ብሎ ያሽሟጥጣል።

የክረምት ሐሙስ። ጎርፉ በደረጃው ሲወርድ፣
ወይዘሮ ትርንጎ ገቡ፣ ከነጠላቸው ጫፍ ፈተው አንድ
በፌስታል የተጠቀለለ ዲስክ።
«ሦስት አድርገህ ቅዳልኝ» አሉ፣ ጠላ እንደሚያስቀዱ ሁሉ፤
«ሦስት ልጆች አሉኝ፣ በአንድ ብርጭቆ የሚጣሉ።»

የአቶ ገብረየስ ሽኝት ነው፣ ጡረታ ሲወጡ ከማተሚያ ቤት፤
አርባ ዓመት ፊደል ለቃሚ፣ እርሳስ የበላው ጣት።
ካሜራው ኬኩን ያሳያል፣ ሥራ አስኪያጁን፣ የአበባውን ማሰሮ፣
እሳቸውን ለአሥራ አንድ ሴኮንድ፣ ከዚያ ወደ ኬኩ ዞሮ።

ወደ አምፖሉ አነሣሁት። ጀርባው የፒያሳ ካርታ፣
ቁልቁለት፣ መታጠፊያ፣ የሻይ ብርጭቆ ያረፈበት ቦታ።
ኮምፒውተሩ ዋጠው፣ አጉረመረመ፣ መልሶ ተፋው።
በኮልጌት አሸሁት፤ ከመሃል ወደ ጠርዝ ነው፣ ዙሪያውን ካሹት ባሰው።
በሸሚዜ ጫፍ አደረቅኩት፣ ፍጥነቱን ዝቅ አደረግኩ፤
(የቸኮለ ቅጂ እንደ ቸኮለ ጸሎት ቃል ይውጣል፣ ከስሬ ተማርኩ።)

አሁን ገባለት። ፋይሉን ወደ ዴስክቶፕ ጎትቼ፣
ባዶውን ዲስክ አጉርሼ፣ የመጻፊያውን ቁልፍ ነክቼ፣
አረንጓዴው መስመር ሲንፏቀቅ አየን፣ ጎን ለጎን ተቀምጠን፤
ሃምሳ... ሰባ... ዘጠና ሦስት...
መብራት ሄደብን።

«ተቃጠለ?» አሉ። «አይ፣ እማማ። ቢቃጠልማ ተርፎ ነበር፤
ሳይቃጠል ነው የጠፋው።»
ጨለማው ውስጥ ከጎርፉ ሌላ ድምፅ አልነበር።

ከአንድ ሰዓት በኋላ መጣ። ሦስቱም ወጡ፣ ሞቅ ያሉ፣
ተተኝቶባቸው ገና የተነሡ ትራሶች የሚመስሉ።
አጫወትኩላቸው። ኬኩ። ማሰሮው። ከዚያ እሳቸው፣ በሰፊ ኮት፦
«ባለቤቴን ላመሰግን፣ እሷ፣ እሷ፣ እሷ...» ወዲያው ጭብጨባ ሆነ ማለት።

«ይቅርታ፣ እማማ፣ ጭረቷም አብራ ተገልብጣለች፤
ግን መቁረጫም አለው ማሽኑ፣ አንዷ «እሷ» ብቻ ትቀራለች።»
እጄን ከማውሱ ላይ ያዙት።
«ተው፣ አትንካት። ገብረየስ ቁጥብ ነበር፤ ቃል
እንደ እርሳስ ፊደል ይቆጥራል፣ የተጠቀመበትን ወደ ሳጥኑ ይመልሳል።
በሠላሳ ስምንት ዓመት አንድ ነገር ሁለቴ ብሎኝ አያውቅም።
ይቺ ጭረት ናት ያስደጋገመችው። ለመቀስ አልሰጣትም።»

የሦስት ሒሳብ ጠየቅሁ። የአራት ከፈሉኝ፤ «ያ የሞተው፣
እሱም ገብረየስን ዘጠና ሦስት መቶኛ ያህል ሰምቶታል» ብለው።

አሁን ደረጃውም ፎቁም የለም። በቀይ ቀለም ቁጥር ጻፉብን፣
ከዚያ ዶዘር መጣ፤ ኮምፒውተሬን በእጅ ጋሪ አወጣን።
የዛሬ ላፕቶፕ አፍ የለውም፣ ዲስክ የሚጎርስበት።
ያ ያላለቀው ግን አብሮኝ አለ፣ አራት ኪሎ፣ በኪራይ ክፍሌ መስኮት
በክር ተንጠልጥሏል። ፀሐይ ስታገኘው ግድግዳው ላይ ይዞራል፤
የተጻፈበት ጠቆር፣ ጠርዙ ላይ ያልተነካ ቀጭን ቀለበት ያበራል።

አንዳንዴ በጥፍሬ እዳስሳታለሁ።
ምን ሊጻፍባት እንደነበር አውቃለሁ፤
ጭብጨባና ኬክ ነው።