የመደመር ምልክት

ኦዳ (ዛፉ ሳይሆን፣ የኖርዌዩ ከተማ) ሲዘንብ ይውላል፤
የፊዮርዱ ውኃ ከመስኮታችን ሥር ቆሞ ያደምጣል፤
ማዶ የዚንክ ፋብሪካው እንደ ጠገበ ሰው ያንኮራፋል።

ሶንድረ ከኪሱ አወጣት፣ በመሐረብ ጠቅልሎ፣
የአያቱን የመዳብ ምልክት፣ «ሳስታ ልታልቅ ነው» ብሎ።
አራት፣ አንድ፣ ሰባት ታትሞባት፣
ሽማግሌው ፋብሪካ ሲገባ ከሚስማር የሚያወርዳት፣
ሲወጣ የሚሰቅላት፣
ሠላሳ አንድ ዓመት በአውራ ጣቱ ያሻት።

«መዳብ እናልብሳት» አልን።
መምህራችን ራንዲ ሰማያዊውን ውኃ ቀዳችልን፣
አንድ የመዳብ ሳህን፣ አንድ ባትሪ ሰጠችን።
«ሽቦውን ማን ያስር?» እጄን አወጣሁ፤
ቋንቋው ገና ያኮላትፈኛል፣ በሒሳብ ግን እኮራለሁ።

«ለመጨመር መደመር ነው» አልሁ በልቤ፤
አሰርኳት ከመደመሩ ጫፍ፣ ይህንኑ አስቤ።

ማንም አላየ። ስለ ዓርቡ ጨዋታ ስናወራ
ሃምሳ ደቂቃ አለፈ፣ ከነወሬያችን ጋራ።
ውኃው ያው ሰማያዊ፤ አልደመቀ፣ አልደበዘዘ፤
እጅ የሌለው ሌባ ግን ሥራውን ተያያዘ።

ስናወጣት
ሰባቱ የለም። አንዱ የለም። አራቱ
የጥፍር ጭረት አክሏል፣ አልቆ ጉልበቱ።

ራንዲ አልተቆጣችም። ሚዛን አመጣች።
«ዜሮ ነጥብ ስድስት ግራም ጎድሏታል» አለች።
ሳህኑን መዘነች፤ ዜሮ ነጥብ ስድስት ጨምሯል።
«አያችሁ? ምንም አልጠፋም፤ ከዚህ ተነሥቶ ከዚያ አርፏል።»

አዎንታ ለካ «አዎን» ባዩ ነው፣
ለጠየቀው ሁሉ እየሰጠ የሚያልቀው።
አሉታ ግን ጥጉን ይዞ፣
ተቀምጦ ይወፍራል፣ የሰው መዳብ መዝዞ።

ሽቦውን ገለበጥን። መዳቡ ተመለሰ፣
ሮዝ ሆኖ፣ አዲስ ሆኖ፣ ገላዋን አለበሰ።
ግራሙ ሞላ፤ ሒሳቡም ገጠመ፤
ቁጥሩ ግን አልታተመ።
አየኑ የሚሄድበትን ያውቃል እንጂ
የወጣበትን ፊደል አያስታውስም።
ሶንድረ ልሙጧን ክብ ወደ ኪሱ ከተተ። ምንም አላለኝም።

ሰኞ ይዟት መጣ። ሽማግሌው በሚስማር
ጠማማ አድርጎ ጭሮባታል፤ ቁጥሩን አልነበር።
ራንዲ መነጽሯን ገፋ አድርጋ፣ ወደ መስኮቱ ይዛ፣
አነበበችው ጮክ ብላ፣ ከሣቅ ጋር አዋዝታ፦
«ወጥቻለሁ።»