ዘጠና ሁለት ዲግሪ

ከአዘዞ መንገድ ዳር፣ ከማደያው ጀርባ፣
ራዲያተር ይበይዳል አባቴ አዛናው፣ ዓይኑ በጢስ እንባ።
እኔ ማራኪ ነኝ፤ ኮፒ ቤት ነው እንጀራዬ፤
የሰው መመረቂያ ጽሑፍ ስተይብ ውዬ
ማታ ማታ የራሴን ማሽን እገጥማለሁ፤
አንድ ዓመት ሙሉ፣ ዕቃ በዕቃ፣ እንደ ቤት ሠሪ እቆጥባለሁ።

መጀመሪያ ማዘርቦርዱ፣ ከፒያሳ፣ ከገብያው ሱቅ፤
"ለዋጋው አትጨነቂ" አለኝ፣ ዋጋውን ሳይጠራ ሲስቅ።
ፕሮሰሰሩ ላይ ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ፤
አንዱ ዝግ ያለ፣ ብልህ፤ አንዱ ፈጣን፣ ግን እሳት።
እሳቱን መረጥኩ።
ፓወር ሳፕላዩ ላይ ግን አልሳሳሁም፤
የመብራት ኃይልን ጠባይ ከልጅነቴ አልረሳሁም፤
የወይዘሮ ጥሩዓለም ፍሪጅ የተቃጠለው
መብራቱ ሄዶ ሲመጣ ነው።
ግራፊክስ ካርዱ ሁለተኛ እጅ፤ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጣ፤
በፎጣ ተጠቅልሎ ከሾፌሩ መቀመጫ ሥር ወጣ።
ስፈታው፣ የማላውቀው ሰው ቤት አቧራ፤
በቀለም ብሩሽ ጠረግሁለት፣ ጆሮው እንደሚጸዳ ልጅ፣ በተራ በተራ።

ከዚያ ቅባቱ። እግሩ ወርቅ ቅብ ነው፤ ጀርባው እንደ ሰም ይቀባል፤
ሰሙ ላይ፣ ወርቁ ታች፤ የቅኔ ተማሪ ቢያይ ይስቃል።
"የምስር ፍሬ ታህል" ይላሉ፤ እኔ ሠጋሁ፣ አበዛሁት፤
ባቄላ አሳከልኩና በሞባይል ካርድ ጫፍ ለቀለቅሁት።
ኬዙ የአባቴ ላሜራ ነው፣ ከሚኒባስ ጎን የተረፈ፤
ቁጥሩ ግማሹ ይነበባል፣ ቀለሙ የረገፈ።

ቅዳሜ ማታ አበራሁት። በራ!
እሽቅድምድም ከፈትኩ። ሃያ ደቂቃ።
ማራገቢያዎቹ ጮኹ፤ መኪናዬ ኩርባ ላይ አዘገመ፤
ቁጥሩ ሰባ አለ፣ ሰማንያ፤ ዘጠና ሁለት ላይ ቆመ።
ለገብያው ደወልኩ። "ከፍታው ነው፤ የጎንደር አየር ስስ ነው፤
የውሃ ማቀዝቀዣ ግዢ።" የጠራው የሦስት ወር ደሞዜ ነው።

አባቴ ገባ። እጁን ሳይታጠብ ጎንበስ አለ።
"ስንት ደረሰ?"
ነገርኩት።
"ጎንደር ላይ ውሃ በዘጠና ሦስት ይፈላል፤
መኪና ቢሆን አቁመሽ ትወርጂ ነበር፤ ማን ዝም ብሎ ይነዳል?"
ጨዋታ አያውቅም፤ "ሥራ ፈት" ሲለኝ ነው የከረመው፤
ሙቀት ግን ያውቃል፤ ሠላሳ ዓመት ነው ያከመው።

ክብሪት ጫረ፣ አጠፋው፣ ጢሱን ወደ ላሜራው አስጠጋ፤
ጢሱ ገባ፣ ዞረ፣ መውጫ ሲያጣ ውስጥ ለውስጥ ተንጋጋ።
"አየሽ? ሁለቱም ማራገቢያሽ ወደ ውስጥ ነው የሚነፋ፤
መውጫ የሌለው ትኩሳት ይባዛል እንጂ መቼ ጠፋ?"
አንዱን ገለበጥን። ላሜራውን ከላይ እንደ ወንፊት በሳሳው፤
ከተቀደደ አጎበር ቆርጦ፣ ለአቧራው፣ ፊቱን አለበሰው።
ቅባቱን አይቶ ሳቀ፦ "ይሄ ብየዳ ነው ወይስ ልስን?"
በአልኮል ጠርገን፣ ምስር እስኪያህል አሳነስን።

ሰባ አንድ። ሰባ። ስልሳ ስምንት ላይ ረጋ።
አባቴ በርጩማ ስቦ፣ መኪናዋን ትቶ፣ ቁጥሩን ለማየት ተጠጋ።
ሦስተኛው ዙር ላይ፣ ሁለት ኩርባ ሲቀረኝ፣
መብራት ሄደ፤
ጨለማው ድርግም ብሎ ወረረኝ።
ሰፈሩ ሁሉ "ኧረ!" አለ። ማራገቢያዎቹ ቀስ እያሉ ቆሙ።
እጁን ላሜራው ላይ ሲያሳርፍ ሰማሁት፣
የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚዳስስ።
"አልጋለም" አለ።
ቆየና፦ "የመኪና ማራገቢያ አሥራ ሁለት ቮልት ነው።
የዚህስ?"
"አሥራ ሁለት" አልኩት።
ዝም አለ።
በጨለማው ውስጥ ሲያስብ ይሰማኝ ነበር።