ግማሽ ጨረቃ

ከሰኞ ገበያ ቁልቁል ስትወርዱ፣
እንድሪስ ይማም አለ ከነመጽሐፍ ጉዱ።
ሃምሳ ሳንቲም ላንድ ቀን፣ አንድ ብር ለሁለት፤
ሸቀጡ ሬሳ ነው፣ የጠፋ ሰው፣ ስለት።

ዕለቱ ጭጋግ ነው፤ ጦሳ ጠፍቶ ዋለ፤
(ተጠርጣሪ ብዙ፣ ምስክር የት አለ?)
አንዱን አነሣሁት፣ ሽፋኑ የወለቀ፤
ነጋዴ በክፍሉ ሞቶ የወደቀ፤
በሩ ከውስጥ ቁልፍ፣ መስኮቱ ያልተነካ፣
ሻማው እስከ ግማሽ ነዶ የተለካ።

ሌሊት እስከ ዘጠኝ፣ መብራት ሳላጠፋ፣
መርማሪው ቆመና «ገዳዩ…» ሲል፣ ጠፋ።
የመጨረሻው ገጽ ከሥሩ ተቀዶ፣
ጥርስ የመሰለ ጠርዝ ብቻ ቀርቷል ባዶ።
በግራው ገጽ ጥግ ላይ የብርጭቆ አሻራ፣
ግማሽ ጨረቃ ነው፤ ቀሪው ከሌባው ጋራ።
ከሥሩ በእርሳስ ተጽፎ፣ በላጲስ የተፋቀ፣
አንድ ሐረግ ይታያል፦ «ምነው ባላለቀ።»

«ማነው የገደለው?» ብዬ እንድሪስን ብጠይቀው፣
«አብሽሪ እህቴ፣ እኔ ምኑን ላውቀው?
ከናንተው አንዱ ነው ገንጥሎ የደበቀው።»

ተመልሼ ሳየው፣ ጠርዙ ላይ ሰው ሞልቷል፤
በየኅዳጉ ላይ ክርክር ተነሥቷል።
«ዘበኛው ነው፣ ማርያምን!» ይላል አረንጓዴ፤
እርሳስ ይመልሳል፦ «ሻማውን ቆጥረሃል? ቀስ በል እንጂ፣ ዘመዴ!»
ሦስተኛው ሰማያዊ፣ በደረቅ ፊደሉ፦
«ሚስቲቱ አላለቀሰችም፤ ልብ በሉ፣ ልብ በሉ።»

እኔ ፖስታ ቤት ነኝ፤ ሥራዬ ፊደል ነው፤
ሰውን በእጅ ጽሑፉ ነው ቀድሜ የማውቀው።
አረንጓዴው ጣቱ በግራሶ አድፏል፤
ከሸዋ በር ጋራዥ፣ ገጽ አርባ ላይ አርፏል።
ባለ እርሳሱ ቀይ ክር ሰክቶ ለዕልባት፣
ልብስ ሰፊ ነው አልሁ፤ (ነው ነው? ወይስ ናት?)
ሰማያዊው ግድፈት ያርማል፤ አራት ነጥብ ያኖራል፤
ከጡረታ ወዲህ የሚያርመው አጥቶ ይኖራል።

ከተቀደደው አጠገብ በጥቁር ጻፍሁበት፦
«ቅዳሜ ቅዳሜ፣ በዘጠኝ፣ ፒያሳ ሻይ ቤት፤
ከመስኮቱ ጥግ ነኝ፣ ዝናብ ቢመጣ ባይመጣ፤
የቀደደም ይምጣ፤ ማንም አይቆጣ።»

አምስት ቅዳሜ ሙሉ ሻዬን ብቻዬን ጠጣሁት፤
አስተናጋጁ «ማንን ነው?» ሲል፣ «ገዳይ» አልሁት።

በስድስተኛው ላይ፣ ጥፍሩ የጠቆረ
ወጣት ገባና በር ላይ ተገተረ፤
«ዘበኛው ነው» አለኝ። ሰላምታው ይኸው ነበረ።
እሱ ዘበኛውን ሲከስ፣ እኔ ለዘበኛው ተሟግቼ፣
አበጋዝ መባሉን ያወቅሁት ዘግይቼ።
ቀጥሎ ጋሽ ወንድይፍራው፣ ከዘራቸው ቀድሟቸው፣
«ሚስቲቱ» አሉ፣ ወንበር እንኳ ሳይደርሳቸው።
በመጨረሻ ጦይባ፤ (ናት! ብዬ በልቤ ሣቅሁ፤)
ከአንገቷ ሜትር ሳይወርድ፣ ክሯንም ዐወቅሁ።

ሃይማኖት፣ ሰፈር፣ ደመወዝ፣ ማንም ማንንም አልጠየቅን፤
ሻማ በስንት ሰዓት እንደሚጋመስ ነበር የተጨነቅን።
አበጋዝ ሻማ ገዝቶ፣ ሳህን ላይ አቁሞ፣
ደቂቃ ስንቆጥር፣ ሻይ ቤቱ አብሮን ቆሞ፣
አስተናጋጁ ራሱ ሐኪሙን ይዟል ደግሞ!

«ደግሞ ሬሳ?» ትለኝ ነበር እህቴ እያፌዘች፤
አራት ነን ለካ፤ ሕመሜ ዘመድ ነበራት፣ ተደብቃ ኖረች።

ሊመሽ ሲል ጦይባ ለሒሳብ ቦርሳዋን ብትከፍተው፣
ከክሩ መሐል አንድ የታጠፈ ወረቀት አየሁ፣ ጫፉን ገልጦ ያሳተው፤
ጥጉ ላይ ግማሽ ጨረቃ፣ የሻይ ብርጭቆ አሻራ።
እጇ ቆመ። ዓይኗ ዓይኔን ያዘ፣ ከዚያ ፈራ።

ምን ልበል? መርማሪ ሆኜ ስጠብቅ ኖሬ ይህችን ሰዓት፤
«ቆይ!» ብል ገዳዩ ይታወቃል። ከዚያ ሒሳብ፣ ቻው፣ ጭጋግ፣ ቤት።
«የኔን ሻይ እኔ እከፍላለሁ፣ ያንቺንም» አልኋት፤
የቦርሳዋ ዚፕ ክር ሲይዝባት፣ ረዳኋት።

ጋሽ ወንድይፍራው «ሚስቲቱ ናት» አሉ፣ ከደጁ ደፍ ላይ፤
አበጋዝ «ዘበኛው!» አለ፣ ከጭጋጉ ወዲያ፣ ሳይታይ።
ጦይባ ግን ሜትሯን ቀስ ብላ እየጠቀለለች፣
«ለቅዳሜ እንግዲህ፤ እኔ ገና አልወሰንሁም» አለች።