ገጽ ሁለት መቶ ሦስት

ሰኞ ገበያ፣ እንድሪስ ልብስ ስፌት፣ መብራት የሄደ ምሽት፤
አራት ነን፣ ዳይስ ይዘን በምናብ አገር የምንዘምት።

ይመር የሕጉን መጽሐፍ ተሸክሞ ይገባል እንደ ኩንታል፤
ለመዝለል አንድ ሠንጠረዥ፣ ለመውደቅ ሌላ ይገልጣል።
«ጫማህ እርጥብ ነው፣ ሁለት ቀንስ፤ የደሴ ጉም አለ፣ አንድ ጨምር»
እኔ ቦርከናን ልሻገር ስል፣ እሱ ገጽ ሊቆጥር።

የኔ ሕግ በሲጋራ ፓኮ ጀርባ ተጽፋ ታልቃለች፤
«ምን ታደርጋለህ?» ትላለች፣ «እሺ፣ ጣል!» ትላለች።
ጦይባ በዚያች ሕግ ነው ዘንዶውን በእንቆቅልሽ ያስተኛችው፤
የሚከለክል አንቀጽ አጥቶ፣ ይመርም ዝም አለ፣ ተወው።

ግን አንድ ሌሊት፣ አዝዋ ገደል አፋፍ ላይ፣
ሦስት ክረምት ያሳደግኩት ፈረሰኛ እግሩ ሲከዳው፣
እንድሪስ አየኝ። አየሁት።
ሕግ የለም። ፍርዱ የሱ ነው።
«ሞተ» አለ በቀስታ፤ መርፌና ክሩን አነሳ፣
የሚሰፋ ልብስ እንዳለው።

ሳምንት ሙሉ ኮርፌ በሱቁ በር አላለፍኩም።
ዳይስ ቢገድለው ይሻል ነበር፤
ዳይስ ላይ አይኮረፍም።

ዛሬም ቀላሉን እወዳለሁ፤ ይመር ይስማ፣ አልዋሽም።
ብቻ ስለ ሞት የሚለውን፣ ገጽ ሁለት መቶ ሦስትን፣
ቀድጄ ኪሴ ከትቻለሁ።
እሱ ገና አላወቀም።