ንፍፊት

ፖርቴጅ ጎዳና ላይ መብራቱ ሲቀላ፣
ጣቴ ሳልልከው ይሄዳል ወደ ኋላ፣
ከጆሮዬ በታች፣ ከመንጋጋዬ ጥግ፣
ያችን ሽምብራ ሊዳብስ፣ ያችን ሊፈልግ።

አለች።
ትናንት ከነበረችበት ፈቀቅ ያለች መሰለኝ።
ጠጠረች? አደገች? በግራም ሌላ አለኝ?
ጡሩምባ ከኋላ። መብራቱ አረንጓዴ፤
ሃምሳ ሰው ጭኜ ነው የቆመው መንገዴ።

ዶክተሯ ሦስት ጊዜ ዳብሳ አይታኛለች።
«የጉንፋን ትራፊ ነው፣ ደምህም ደህና ነው» አለች፤
«ይልቅ አቶ ሸዋረጋ፣ ቀኑን ሙሉ ስትጫነው
እንዴት ብሎ ይጉደል? የሚቆሰቁሰው ጣትህ ነው።»
አመንኳት።
እስከ ሊፍቱ በር ድረስ አመንኳት።

ሌሊት በስልኬ ብርሃን ስንቴ ሞቼ አደርኩኝ፤
ጠዋት ተነሥቼ፣ በዊኒፔግ ውርጭ፣ አውቶቡስ አሞቅኩኝ።

ትርንጎ አልተቆጣችም። ጓንት አመጣችልኝ፣
በረዶ የምንዝቅበት፣ ወፍራም፣ ባለ አንድ ጣት፤
«በዚህ ተኛ» አለች። ሳቅሁ። ተኛሁበት።
ጓንት ውስጥ ያለ ጣት ዕውር ነው፣ አያይም፤
ሱፍ ነው የሚነካው፣ አንገቴን አያውቅም።
እንዲህ እንዲህ እያልን ታኅሣሥንም ጥርንም ገፋን።

በሚያዝያ ወንዙ ላይ በረዶው ሲነቃ
ጓንቱን አወለቅሁት፤ ፍርሃቴም አብሮ ነቃ።

ዛሬ ግን ቀይ ሲይዘኝ መሪውን ጨበጥኩት፤
ጣቴ ተቁነጠነጠ፤ እንደ ሕፃን አየሁት።
ትኑር አትኑር እንጃ፤ አልጠየቅሁም ላንዴ፤
አርባ ሰከንድ ቆጠርኩ።
ከዚያ አረንጓዴ።