ፈሰስ

ከወደቡ መስኮት ትኬት ስቆርጥ ኖሬ፣
አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ሳንቲም ቆጥሬ፣
የማውቀው አንድ ሕግ፣ አንድ ያልተጻፈ፦
ከመቶው ሠላሳው ለሞተር ተረፈ።
ናፍጣና ዘይቱ ማንንም አይጨንቅም፣
ልየው ካፒቴኑ ደጅ ጠንቶ አያውቅም።
ማክሰኞ ወደ ደቅ፣ ዓርብ ወደ ቁንዝላ፣
ጌሾና ሎሚውን፣ ሰዉንም አዝላ፣
ያቺ ቢጫ ጀልባ እየተጎተተች፣
አንድ ቀን ሳታስቀር ስትሠራ ሰነበተች።

ኋላ በሬዲዮ፣ ሐምሌ ገባ ሲባል፣
«ረቂቁ አዋጅ ዛሬ ጸድቋል» ይላል።
ጸደቀ? ችግኝ ነው? ብዬ ነበር ያኔ፣
ሥሩን የሚሰድድ ከኔ መስኮት፣ በኔ።

ደብዳቤው መጣልን ማኅተም ያለበት፣
አንቀጽ አሥራ አራትን ቆመን አየንበት።
«ከየመናኸሪያው፣ ከወደብም ጭምር፣
ገቢው ፈሰስ ሆኖ ይመለስ በቀመር።»

ፈሰስ! ለጣና ልጅ ይሄ ቃል አዲስ ነው?
ዓባይ ደጃችን ላይ ይኸው የሚፈሰው፤
ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ዞር ብሎም ላያይ፣
ተመልሶ ሲመጣ ማን አይቶታል ዓባይ?

አልዋሽም፣ አዋጁ ተንኮል አላሰበ፤
ድልድይ አጥቶ ስንቱ ወንዝ ዳር ተሰበሰበ።
«ያለው ለሌለው ያካፍል» ነው ነገሩ፤
ግን የማካፈሉ ሒሳቡ፣ ቀመሩ
የሚለካው መንገድ በኪሎ ሜትር ነው፦
አስፋልት፣ ጠጠር፣ ጥርጊያ፤ ውሃ ማን ቆጠረው?
የባጃጅ ተራው ላይ ቀለም ተቀባበት፤
የሐይቁ መሥመር ላይ ዜሮ ተጻፈበት።

መስከረም፦ በሳምንት። ጥቅምት፦ በአሥራ አምስት ቀን።
ኅዳር፦ «ናፍጣ ሲገኝ» ብለን ለጠፍን።

ሽታዬ የሎሚ ጆንያዋን ስትፈታ፣
ግማሹ ሻጋታ ነው፣ ግማሹ ይቅርታ።

የደቋ አዋላጅ፣ ትሁኔ፣ መጣችና
ክትባት በበረዶ አቅፋ ቆመችና፣
«ዛሬም የለም?» አለች። እኔ ዝም አልኩኝ።
የበረዶውን ጠብታ ደረጃው ላይ ሰማሁኝ።
በደንገል ታንኳ ሄደች፣ ሣጥኗን ነጠላ አልብሳ፤
መድረሷን የሰማሁት ስምንት ቀን ቆይቶ፣ ከዓሣ
አጥማጆች ነው።

አለቃዬ ጥጋቤ ይደጋግማታል፦
«በሙሉ ድምፅ እኮ ምክር ቤቱ አሳልፏል!»
እኔ የማውቀው ማሳለፍ ሌላ ነው፤
ከነጌሾ ሸክሙ ማዶ ማድረስ ሰው።

ጥር ላይ ቅጽ መጣ። «የመንገዱ ዓይነት፦
አስፋልት፣ ጠጠር፣ ጥርጊያ። በአንዱ ላይ ምልክት
አድርጉ፤ ርዝመቱን በኪሎ ሜትር ሙሉ።»
ልየው ሳቀና ወጣ። ገመድ ይዞ መጣ፣ ሙሉ
ጥቅል፣ በየሃምሳ ክንዱ የተቋጠረ፤
በዓሣ አጥማጅ ታንኳ ሐይቁን ሲለካ ዋለ፣ አደረ።
ሲመለስ ፊቱ ተልጦ፣ ቁጥሩ በከሰል፣ ክንዱ ላይ፤
«ሠላሳ ሰባት፣ ከነነፋሱ» አለኝ፣ ፊቴን ሳያይ።

ብዕሬን አነሣሁ። አስፋልት? የለም። ጠጠር? እሱም ከታች ቀርቷል።
ጥርጊያ ላይ ቆምኩኝ፤ ይኼስ ይመስላል፦
ጀልባዋ ስትሄድ ኋላዋን ጠርጋ፣ ነጭ አድርጋ
መንገድ ትከፍታለች፤ ውሃውም ሲረጋ
ይገጥማል። እውነት ነው። ምልክት አደረግሁ።
ከሥሩ፣ «አስተያየት» በምትል ጠባብ ሣጥን፣ ይህን ጻፍሁ፦

«መንገዱ አለ። ጉድጓድ የለውም። ጥገና አያሻውም።
የጎደለው የሚያልፍበት ነው።»

ቅጹ ሄዷል። ሰኔ ገብቷል። ገመዱ ግን ከነቋጠሮው
መስኮቴ ሥር አለ። ለሚያጣራ ይሆናል።
ልየው አልፈታውም፤ እኔም አላነሣው።