ታርጋው ይታይ

ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ፣ ሸዋ በር፣ ከደጄ፣
ሁለት ብስክሌት ከአንድ መኪና ኋላ ጠፈርኩ በገዛ እጄ።
መኪናው የጎረቤት፣ የእንድሪስ ኮሮላ፣
«ጭረት እንዳላይ» ብሎ የሰጠኝ፣ ትናንት ከመግሪብ በኋላ።

ልጆቹ ከውስጥ ናቸው፣ ጦይባና ጓደኛዋ፣
ስንቅነሽን ሆድ ቁርጠት፣ የኔን ልጅ ያስጨነቃት ጫማዋ፤
ሁለት ተኩል ላይ ይነፋል የውድድሩ ፊሽካ፣ ኮምቦልቻ፣
እኔ ግን አሁንም ገመድ፣ አሁንም ቋጠሮ ብቻ።

ልብስ ሰፊ ነኝና፣ ቋጠሮ የሚያውቅ ጣቴ፣
ከሲንጀር ጋር ነው ያለፈው ሃያ ሁለት ዓመቴ፣
ያልጠበቀ ክር አልወጣም፣ እስከ ዛሬ፣ ከቤቴ።
አሮጌ ከመነዳሪ በመቀስ ሰንጥቄ፣
ሸብ አድርጌ በሲባጎ፣ ደግሞ በላስቲክ አጥብቄ፣
ፔዳሉን በቁራጭ ጨርቅ፣ ለእንድሪስ ቀለም ተጠንቅቄ፣
ነቀነቅሁት፤ እምቢ አለ፤ ገባሁ ወንበሬ ላይ ስቄ።

ደሴ ከኋላ ቀረች፤ ጦሳ ጉሙን ለብሶ፣
ሐረጎ ቁልቁል ወረደ፣ ራሱን ጠምዝዞ፣ መልሶ።
ሦስተኛው መጠምዘዣ ላይ ነጭ እጅጌ ብቅ አለና
ከጉሙ ውስጥ «ጥግ ያዝ» አለኝ፣
በትህትና።

ሳጅን የሻረግ ትባላለች፤ ሰላምታዋ አያልቅም፣
ልጅ ትጠይቃለች፣ ዘመድ፣ ጤና፤ ብዕሯ ግን አይለቅም።
ዞረች መኪናውን አንዴ፤ ዞረች ደግሞ ሁለቴ፤
«ታርጋህ የት አለ፣ አባቴ?»
«እዚያው ነው፣ ከጎማው ሥር፤ ጎንበስ ብትይ ይነበባል።»
«ገጭቶ የሄደ ሄዶ፣ ከቤተሰቡ ሌላ ማን ያነባል?»

«ካርቶን ላይ ጽፌ ልለጥፈው?» አልኳት። «የለም፣ ወንድሜ፤
በካርቶን ነው ወይ የተጻፈው፣ ደረቴ ላይ ያለው ስሜ?»

«ፍሬን ርገጥ» አለች፤ ረገጥኩ፣ ከኋላ ቆማ ሳለች፤
«ቀዩ መብራት ታፍኗል፤ ፍሬቻህም ከቸርኬው ጀርባ ተደብቃለች።
በዚህ ጉም ውስጥ መቆምህን፣ ከኋላህ የሚመጣው
ጠንቋይ ነው ወይ፣ ሐሳብህን ከጎማ መሀል የሚያወጣው?»

ሜትሬ ካንገቴ ነበር፣ ልማድ ነው፤ ተቀብላ ለካችው፣
ከመኪናው ጎን ያለፈውን ጎማ፣ እንደ እጅጌ ቆጠረችው፤
«ሱሪ ቢሆን ኖሮ ታሳጥረው ነበር፤
ይህን ግን ተውከው፣ የመንገደኛ ትከሻ ይዞ እንዲበር!»

«ቋጠሮዬን ንኪው በይ!» አልኩ፤ የቀረኝ ኩራት እሱ ነበርና።
ነካችው። በሁለት ጣት ሳበችው። ላላ።
ጨርቅ እንደሰፉት ይቆያል፤ ጎማ ግን መንገድ ሲንጠው ይለመጣል ለካ፣
ይህን ሲንጀር አላስተማረኝም።
«አምና በነሐሴ፣ እዚህ ጋ፣ አንድ ፍሬም...» አለች፤ አልጨረሰችውም።
ቁልቁል ገደሉን አየች።
እኛም አልጠየቅናትም።

ጦይባ ዝም ብላ ወርዳ፣ መፍቻ ከኪሷ አወጣች፣
አራቱንም ጎማ አንድ በአንድ ፈታች፤
ፍሬሞቹ ከውስጥ ገቡ፣ አንዱ በአንዱ ላይ፤ ስንቅነሽ ሰንሰለት ታቀፈች፣
ነጭ ቱታዋም ግራሶ ጠጣች።

ታርጋው ወጣ። በመሐረቤ ጠረግሁት፣ እንደ ልጅ ፊት።
ቅጣቱን ግን ጻፈች። «ፈታነው እኮ!» ብዬ ብቆምባት፣
«ይህ ከሸዋ በር እስከዚህ፣ ሸፍነህ ለመጣህባት።»

ደረስን፤ ፊሽካው ሊነፋ ከንፈር ላይ ነበር።
ጦይባ አስራ አንደኛ ወጣች። እስከ ዛሬ ጫማው ነው ትላለች።
የእንድሪስ ቀለም ጭረት የለውም፤ ወንበሩን ግን ገና አላየም።

አመሻሽ ሐረጎን ስንወጣ፣ ያችው ነጭ እጅጌ ቆማለች፣
ከአይሱዙ ጀርባ የተንጠለጠለ መሰላል ስትለካ፤
ፍሬን ነካ አደረግሁ፤ ሁለቱም መብራት በሩ፤ አየች፤ እጇን አነሳች፤
ሜትሬ አንገቷ ላይ ነበር፣ ለካ።